ለስላሳ ጄል ላይ ደም ፍለጋ፦ የላብ ሥራ ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። የምጽፈው ሲያትል ካለ አንድ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ላብ ሆኜ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄያችን ይህ ነው። ማንኛውንም ዓይነት ሴል መሆን የሚችል ስቴም ሴል በእጃችን አለ። ወደ ደም ፈጣሪ ሴል እንዲለወጥ እንፈልጋለን። ታዲያ የሚቀመጥበት ነገር ምን ያህል ለስላሳ ይሁን? ላዩ ላይስ ምን ይለጠፍበት?

ሴል ማሳደግ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፈሳሹን ነው። ምን ፕሮቲን ጨመርክ? ስንት? መቼ? እውነት ነው፣ ፈሳሹ ብዙ ይወስናል። ግን ሴሉ የቆመበት ነገርም ትእዛዝ ይሰጣል። በ2006 አዳም ኢንግለርና ዴኒስ ዲሸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሥራ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ከመቅኒ የወጡ አንድ ዓይነት ስቴም ሴሎችን ወስደው ጥንካሬው በሚለያይ ጄል ላይ አሳደጉ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የነርቭ ሴል መልክ ያዙ። እንደ ጡንቻ በሆነው ላይ ወደ ጡንቻ፣ ጠንከር ባለው ላይ ወደ አጥንት አዘነበሉ። የተለየው ጄሉ ብቻ ነበር። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ያ ሥራ ነው።

እነዚያ ሴሎች ግን ደም አይሠሩም። መቅኒ ውስጥ አጥንትና ስብ የሚወልዱ ስቴም ሴሎች አሉ፤ ደም የሚወልዱ ደግሞ ሌሎች ናቸው። የኛ ጉዳይ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። የአንድ ጤነኛ ሰው መቅኒ በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል ያመርታል። የዚያ ሁሉ ምንጭ መቅኒ ውስጥ ያሉ በጣም ጥቂት ሴሎች ናቸው።

ከዚያው ሳምንት

ደም ፈጣሪ ሴል ከሰው ወስዶ ለሰው መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ይህች ከተማ በዚህ ትታወቃለች። ዶክተር ዶናል ቶማስ የመቅኒ ንቅለ ተከላን ለዓመታት ያጎለበቱት እዚሁ ነው፤ በ1990 ኖቤል ተሸልመውበታል። ችግሩ የሚመሳሰል ለጋሽ ማግኘት ነው። የአሜሪካው የለጋሾች መዝገብ በሚያወጣው አሃዝ፣ አንድ ነጭ ታካሚ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለውን ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79% ነው። የጥቁር ታካሚ ዕድል 29% ነው። አንዱ ምክንያት በመዝገቡ ያለን ቁጥር ማነሱ ነው። ሌላው በአፍሪካውያን ዘንድ ያለው የዘር ልዩነት ከሁሉም የሰፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐበሻ ለሐበሻም ቢሆን የግድ አይገጥምም።

መውጫው የበሽተኛውን የራሱን ሴል መጠቀም ሊሆን ይችላል። የኪዮቶው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ላይ አራት ጂኖችን አስገብተው ያደገን ሴል ወደ መነሻው መለሱት። ከቆዳ የተወሰደ ሴል እንደገና ሁሉንም የመሆን ችሎታ አገኘ። ከዚያ ተነስቶ ልብም፣ ነርቭም፣ ጉበትም መሥራት ተችሏል። ደም ፈጣሪው ስቴም ሴል ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

ጥር አጋማሽ፦ ጄል ማርጋት

ለመጀመሪያው ዙር የመረጥነው ከአክሪላማይድ የሚረጋው ፖሊአክሪላማይድ የተባለው ጄል ነው። አዳዲስና የሚያማምሩ ጄሎች አሉ። ከጄላቲን ተሠርተው በብርሃን የሚረጉ አሉ፣ ከፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚሠሩም አሉ። ለዚህ ጥያቄ ግን አሮጌው ይሻላል እላለሁ። ሴል በባዶ ፖሊአክሪላማይድ ላይ አይጣበቅም። እኛ የለጠፍነውን ፕሮቲን ብቻ ነው የሚይዘው። ጥንካሬውን ደግሞ የሁለት ነገሮች መጠን ይወስነዋል፦ የአክሪላማይድና ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የቢስአክሪላማይድ። 3% አክሪላማይድ ከ0.06% ቢስአክሪላማይድ ጋር 0.6 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል (ኪሎፓስካል የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጄሉ ይጠነክራል)። 10% ከ0.3% ጋር ሲሆን 35 ኪሎፓስካል አካባቢ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የፈለጉትን መሥራት ይቻላል።

ብዙ ላቦች ስቴም ሴል የሚያሳድጉት ማትሪጄል ላይ ነው። ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ የፕሮቲን ድብልቅ ነው። ሴሎች ይወዱታል፣ እኛም እዚህ ድረስ ያደረሰን እሱ ነው። ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲን ብዙ ነው፣ ከጠርሙስ ጠርሙስም ይለያያል። አንድ ነገር ሲሠራ የትኛው ፕሮቲን እንዳሠራው ማወቅ አይቻልም። የአይጥ ዕጢ ነክቶት ያደገን ሴል ወደ ሰው ደም ማስገባትም ሌላ ጣጣ አለው።

አሠራሩን ለሚፈልግ ልጻፍ። መስታወቱ መጀመሪያ በሳይሌን ይታከማል፤ ጄሉ እንዲይዘው ነው። ድብልቁ በቫክዩም አየሩ ይወጣለታል። ኦክስጅን ካለ መርጋቱን ያዘገየዋል፣ ወጥም አይሆንም። ከዚያ የሚያረጉት አሞኒየም ፐርሰልፌትና ቴሜድ ይጨመራሉ፤ ከዚህ በኋላ ቶሎ መሥራት ነው። ጠብታው መስታወቱ ላይ ይደረግና ውሃ በማይወድ ሌላ መስታወት ይሸፈናል። ሲረጋ የላዩ ይነሳል። ጓንት የግድ ነው፤ ያልረጋ አክሪላማይድ ነርቭ ይመርዛል። ከረጋም በኋላ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የቀረ ካለ ሴሉን ይገድላል።

ለስላሳዎቹ አስቸገሩን። የላዩ መስታወት ሲነሳ ጄሉ አብሮ እየተቀደደ መጣ። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሁሉንም በቡፈር ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ማቆየት፣ ከዚያ እዚያው ፈሳሹ ውስጥ እያሉ በጎን በኩል በቀስታ ማንሸራተት። አሁን ይወጣሉ።

አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ "እኛ ይህን በምን አቅም?" ትላላችሁ። ፕሮቲን በጄል የሚለይ ላብ ካላችሁ አክሪላማይዱም፣ ቢሱም፣ ቴሜዱም መደርደሪያችሁ ላይ አለ። የጄልን ጥንካሬ እየለዋወጡ ማንኛውንም ተጣባቂ ሴል ማጥናት ይቻላል። ለጥሩ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ይወጣዋል።

ጥር መጨረሻ፦ ካስማው

ይህ ክፍል የሥራው ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ጽንስ ውስጥ ደም ፈጣሪ ስቴም ሴል የሚወለደው መቅኒ ውስጥ አይደለም። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ከትልቁ የደም ሥር ከአኦርታ ግድግዳ ነው የሚወጣው። የደም ሥሩን ያነጠፈው ጠፍጣፋ ሴል ቀስ እያለ ይከብባል፣ ከጎረቤቶቹ ይላቀቃል፣ ወደሚፈሰው ደም ይገባል። በ2010 በዜብራ ዓሣ ጽንስ ውስጥ ይህ ሲሆን በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ተቀርጿል። ሴሎቹ በኋላ ወደ ጉበት፣ ከዚያ ወደ መቅኒ ይሄዳሉ።

ለዚያ መወለድ ኖች የሚባለው ተቀባይ ፕሮቲን ወሳኝ ነው። የዊስኮንሲኑ የኢጎር ስሉክቪን ቡድን በ2018 በሰው ስቴም ሴል ላይ እንዳሳየው፣ ኖች ሲነቃ ሴሎቹ የአርተሪ ጠባይ ያለው ደም ወላጅ ግድግዳ ይሆናሉ። ከዚያ የሚወጣው ደም ከመጀመሪያው የጽንስ ደም ይልቅ ወደ አዋቂው ያደላል።

ኖች ግን እንደ ሌሎቹ ተቀባዮች አይደለም። ለሌሎቹ ቀስቃሹን ፕሮቲን ፈሳሹ ውስጥ መበተን ይበቃል። ኖች እንዲከፈት መጎተት አለበት። በሰውነት ውስጥ ጎረቤት ሴል ነው የሚጎትተው። ቀስቃሹ ፕሮቲን ጎረቤቱ ላይ ተተክሏል። ጎረቤቱ ፕሮቲኑን ወደ ውስጡ ሲስብ ኖች ይወጠራል፣ ታጥፎ የነበረው ክፍሉ ይዘረጋል፣ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቁራጭ ወደ ኒውክለስ ሄዶ ጂን ያበራል። የሚያስፈልገው ኃይል ጥቂት ፒኮኒውተን ብቻ ነው። ከሌለ ግን የለም።

እዚሁ ሲያትል በፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል የነ ኧርዊን በርንስታይን ቡድን ይህን በ2000 በግልጽ አሳይቶታል። ዴልታ የተባለውን ቀስቃሽ ፈሳሹ ውስጥ ሲበትኑት አልሠራም። ሳህኑ ላይ ሲለጥፉት ሠራ። ከዚያ ተነስተው የእትብት ደም ስቴም ሴሎችን አበዙ፤ በ2010 ደግሞ ለሰው ታካሚዎች ሰጥተው ውጤቱን አሳተሙ። አንድ ፕሮቲን ከፈሳሽ ወደ ወለል ስለተዛወረ ብቻ ያ ሁሉ መጣ።

እንግዲህ የኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የፕላስቲክ ሳህን ድርቅ ያለ ነው። ፕሮቲኑ እዚያ ላይ ከተለጠፈ ሴሉ ሲስብ ወለሉ አይነቃነቅም። ጄሉ በጣም ለስላሳ ቢሆንስ? ድንኳን ስትተክሉ ካስማው አሸዋ ላይ ከገባ ገመዱ አይወጠርም፤ ስትስቡት ይከተላችኋል። ሴል ለስላሳ ነገር ይወዳል ብለን ስናለሰልስ ኖችን እያጠፋነው ቢሆንስ?

ስለዚህ ዲኤልኤል4 የተባለውን ቀስቃሽ በተለያየ ጥንካሬ ላይ እንተክላለን። አቀማመጡም ቁም ነገር አለው። ጄሉ ላይ በመጀመሪያ ሰልፎሳንፓ የሚባለውን ኬሚካል አፍስሰን አልትራቫዮሌት እናበራበታለን። ብርቱካናማው ወደ ቡናማ ሲዞር ተያይዟል ማለት ነው። ኬሚካሉ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ እንደተበጠበጠ ወዲያው መፍሰስ አለበት። በላዩ ሴል የሚጣበቅበት ፋይብሮኔክቲን የተባለ ፕሮቲንና የዲኤልኤል4ን ጭራ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይለጠፋል። ዲኤልኤል4 በጭራው ተይዞ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይቆማል። እንዲሁ ቢለጠፍ ግማሹ ተደፍቶ ይቀራል። ሴሎች የሚጣበቁበትን ቪካም1 የሚባል ሌላ ፕሮቲንም በአንዳንዶቹ ላይ ጨምረናል። የፒተር ዛንድስትራ ቡድን በ2017 ሁለቱ አንድ ላይ ሲለጠፉ ከደም ስቴም ሴል ወደ ቲ ሴል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) የሚደረገውን ጉዞ እንደሚያፋጥኑ አሳይቷል።

የካቲት፦ ሴሎቹ

ሴሎቹ ተነሱ። ቀን 0 ላይ ፈሳሹ ውስጥ ቢኤምፒ4 እና አክቲቪን የተባሉ መልእክት ሰጪ ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም ዊንት የሚባለውን የሴል መልእክት መስመር የሚያነቃ ኬሚካል ገቡ። ዊንት በዚህ ሰዓት መነቃቱ ትልቅ ነገር ነው። የቶሮንቶው የጎርደን ኬለር ቡድን በ2014 እንዳሳየው፣ ሴሎቹ ወደ ጊዜያዊው የጽንስ ደም ይሂዱ ወይስ ወደ ዘላቂው የሚለው እዚህ ጋ ይወሰናል። ከዚያ ቪኢጂኤፍና ኤፍጂኤፍ2 የተባሉ የእድገት ፕሮቲኖች ይከተላሉ፤ የደም ሥር ግድግዳ ይሠራሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላያቸው ላይ ሲዲ34 የተባለ መለያ ፕሮቲን ያላቸውን ሴሎች በማግኔት ለይተን ጄሉ ላይ እንዘራለን። ኢንኩቤተሩ ውስጥ ኦክስጅኑ 5% ነው። ጽንስ እኛ የምንተነፍሰውን ያህል ኦክስጅን አያይም።

ስለ መጠበቅ ብዙ የምለው የለኝም። ፈሳሽ መቀየር፣ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መመዝገብ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ያዙኝ። የወንድማቸው ልጅ ለጋሽ ሲጠብቅ ቆይቷል።

"አንተ ልጅ፣ ደም በላብ ትሠራላችሁ አሉ። እውነት ነው?"

"እየሞከርን ነው እማማ። ገና ለሰው አልደረሰም።"

"መቼ ይደርሳል?"

"እሱን መናገር አልችልም እማማ። ለልጁ ግን አሁን የሚጠቅመው መዝገብ ነው። ወጣቶቹ ጉንጫቸውን በጥጥ አስጠርገው ይመዝገቡ። ከሁሉ በፊት እህት ወንድሞቹ ይመርመሩ።"

"ቅስም ይሰብራል ይላሉ፣ አጥንት ውስጥ ገብተው..."

አብዛኛው ልገሳ ዛሬ ከክንድ የደም ሥር እንደሚወሰድ ነገርኳቸው። ከዳሌ አጥንት ሲወሰድም በማደንዘዣ እንደሆነ፣ መቅኒውም ራሱን እንደሚተካ አስረዳሁ። የደብሩን የወጣቶች ኃላፊ አብረን አነጋገርን። በሚቀጥለው ወር የምዝገባ ቀን ይኖራል። ይህን እዚህ የምጽፈው የሥራው አካል ስለሆነ ነው። ላብ ውስጥ ያለው ነገር እስኪደርስ ሰው ይታመማል።

የካቲት መጨረሻ፦ መክበብ

ዛሬ አየነው። በ4 ኪሎፓስካል ጄል ላይ ጠፍጣፋ የነበሩ ሴሎች ጠርዛቸው እያበራ ከበቡ። አንዳንዶቹ ግማሽ ተላቀው ተንጠልጥለዋል። አንዳንዶቹ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ሌሊቱን ሙሉ የተነሱትን ፎቶዎች አያይዤ ሳጫውታቸው አንዷ ሴል ከግድግዳው ስትወጣ ቁልጭ ብላ ታየች። አማካሪዬን ጠርቼ ደጋግመን አየነው። ሰው ሁሉ በእናቱ ማህፀን ያለፈበት ነገር ነው። እጄ ላይ ባለ ሳህን ሲሆን ማየት ሰውነትን ይነዝራል።

ተንሳፋፊዎቹን ሰብስበን በቀለም ምልክት አደረግንባቸው። የደም ሴል መለያ ከሆኑት ፕሮቲኖች ሲዲ43 ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ሲዲ45 ጥቂቶቹ ላይ ብቅ ብሏል። ወደ ደም ሴልነት መለወጥ ጀምረዋል ማለት ነው።

መጋቢት መጀመሪያ፦ ጉተታው

የጥንካሬው ንጽጽር ወጣ። 35 ኪሎፓስካል ላይ ኖች የሚያበራው ኤችኢኤስ1 የተባለ ጂን ጥሩ በርቷል፤ ሴሎቹ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ፣ የሚከብበው ትንሽ ነው። 0.6 ላይ ተቃራኒው ሆነ። ሴሎቹ ቶሎ ይከብባሉ፣ ጂኑ ግን ደካማ ነው። መሃለኛው፣ 4 ኪሎፓስካሉ ላይ ሁለቱም አሉ።

ከብበዋል ማለት ደም ሆነዋል ማለት አይደለም። በጣም ለስላሳ ነገር ላይ ማንኛውም ሴል መያዣ አጥቶ ይከብባል። ለዚህ ነው ማነጻጸሪያዎቹን በጥብቅ የያዝናቸው። ዲኤልኤል4 የሌለው፣ ጭራው ብቻ የተለጠፈበት ጄል አለ። ዲኤልኤል4 ፈሳሹ ውስጥ የተበተነበት አለ። ዲኤልኤል4 ተለጥፎ ኖችን የሚቆርጠው ኢንዛይም ዳፕት በተባለ ኬሚካል የታገደበትም አለ። በሦስቱም ላይ ጂኑ ወረደ። በመሃለኛው ጄል ላይ ሲዲ43 ያላቸውም አብረው ቀነሱ።

አንድ ጥርጣሬ መዘጋት አለበት። ለስላሳው ጄል ላይ ኖች የደከመው ጉተታ ስለጠፋ ነው ወይስ ፕሮቲኑ በቂ ስላልተለጠፈ? የለስላሳ ጄል ጥልፍልፍ ሰፊ ነው፤ የሚይዘው ፕሮቲን ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ዲኤልኤል4 ለጥፈን የእያንዳንዱን ጄል ብርሃን እንለካለን። መጠኑ እኩል እስኪሆን ድረስ ለስላሳው ላይ እንጨምራለን። ያ እስኪሆን "ጉተታ ነው" አልልም።

መጋቢት፦ ከሜልቦርን የመጣው

በላብ ስብሰባችን አንድ ልጅ ከባድ ጥያቄ ጠየቀ። "የሜልቦርኖቹ ያለ ጄል ሠርተውታል አይደል? እኛ ለምን እንደክማለን?"

ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2024 የመርዶክ የሕፃናት ምርምር ተቋም ቡድን፣ የኤሊዛቤት ንግ፣ የኤድ ስታንሊና የአንድሩ ኤሌፋንቲ፣ ትልቅ ነገር አሳተመ። ከሰው ስቴም ሴል የሠሩት ደም ፈጣሪ ሴል አይጦች ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ የተለያዩ የደም ዓይነቶችን አፈራ። ከአይጦቹ ከ25 እስከ 50% በሚሆኑት ላይ ተሳክቷል። ሴሎቹ ያደጉት ተንሳፋፊ ድቡልቡል ሆነው ነው። ፈሳሹ ውስጥ የቫይታሚን ኤ ዝርያ በትክክለኛው ሰዓት ጨምረዋል። ይህን ያነበብኩ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ግን ድቡልቡሉ ውስጥ ምን አለ? ሴሎቹ የራሳቸውን ወለል ይሠራሉ። ፋይብሮኔክቲንና ላሚኒን ያመነጫሉ፣ አንዱ ለሌላው ዲኤልኤል4 ያቀርባል፣ እርስ በርስ ይጎተታሉ። ያለ ባዮማቴሪያል አልሠሩም፤ ባዮማቴሪያሉን ሴሎቹ ራሳቸው ሠሩት። አይጦቹ ሁሉ ላይ ያልሠራበትም ምክንያት እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዱ ድቡልቡል ከሌላው ይለያል። ለታካሚ ሲታሰብ በየጊዜው አንድ ዓይነት የሚወጣ ነገር ያስፈልጋል። እኛ የምናደርገው ከዚያ ውስጥ አንድ አንዱን ምልክት ነቅሎ ብቻውን መጠየቅ ነው። የእነሱን የቫይታሚን ኤ ሰዓት ግን ወስደነዋል። ካሁን በኋላ በኛም አሠራር ውስጥ ይገባል።

ሚያዝያ፦ ቀይ ነጠብጣብ

ከየጄሉ የተሰበሰቡትን ሴሎች ሜቲልሴሉሎስ ውስጥ ከትተን 14 ቀን አቆየናቸው። ዝልግልግ ነገር ስለሆነ ከአንድ ሴል የተወለዱት ሳይበተኑ አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ዛሬ ቆጠርን። ከመሃለኛው ጄል ዲኤልኤል4 እና ቪካም1 ከነበረበት ሳህን በዓይን የሚታይ ቀይ ወጣ። ሄሞግሎቢን ነው። ነጭ የደም ሴል የሚወልዱ ክምችቶች አሉ፣ የተቀላቀሉም አሉ። ከጠንካራው ላይ ጥቂት ነው። ከለስላሳው ላይ አለ ግን ቀዩ አነስተኛ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን መለየት ይገባል። ክምችት መፍጠር የሚችል ሴል ስቴም ሴል ላይሆን ይችላል። ለጥቂት ሳምንት ሠርቶ የሚያልቅ የልጅ ልጅ ሴልም ቀይ ይሰጣል። ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ በአይጥ ጣፊያ ላይ እብጠቶች አዩ፤ በ1963 ከባልደረባቸው ጋር እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሴል መውጣቱን ሲያሳዩ ይህ ሳይንስ መሠረት ያዘ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ጠብቋል። ዛሬ ማረጋገጫው ሴሉ በሕያው መቅኒ ውስጥ ገብቶ ወራት መቆየቱ ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሁለተኛ አይጥ ሲዛወርም መሥራት አለበት። እኛ ያ የለንም። የአይጥ ሥራ ያለው አንድ ተባባሪ ላብ በረዶ አድርገን የምንልክለትን ሴል ለመቀበል ተስማምቷል።

ሚያዝያ መጨረሻ፦ ቀጣዩ ዙር

የሚያበራው ዲኤልኤል4 ደርሷል። ለስላሳው ጄል ላይ የሚለጠፈው በእርግጥም አነስ ብሎ ተገኝቷል፤ አሁን መጠኑን አስተካክለናል። ኖች በእኩል መጠንም ከደከመ የጉተታው ነገር ይጸናል። ካልደከመ ጥያቄው ይቀየራል፤ ያም መልስ ነው።

ከዚያ የሚጨመረው ፍሰት ነው። በ2009 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በአይጥ ሴልና ጽንስ፣ አንዱ በዜብራ ዓሣ፣ የደም ፍሰት ግድግዳውን ሲጠርገው ደም ፈጣሪ ሴሎች እንደሚበዙ አሳይተዋል። ልቡ ካልመታ ሴሎቹ ይቀንሳሉ። የኛ ጄል እስካሁን የረጋ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው። ቀጭን ቦይ ያለው ሳህን ሥር ጄሉን አንጥፈን በፓምፕ ፈሳሽ ልናሳልፍበት ነው። ለስላሳው ጄል በፍሰቱ እንዳይላጥ ከመስታወቱ ጋር ያለው መያያዝ መጠንከር አለበት፤ የሳይሌኑን አሠራር እየፈተሽን ነው። ማክሰኞ የመጀመሪያውን ቦይ ያለ ሴል፣ በባዶ ፈሳሽ እንሞክራለን።